አባቴን ይዤ ከአየር ጤና እስከ ለገሃር በባቡር፣ ጉልበቱ ያመዋል፣ እንዴት ይሻላል?

የጅሬን_ልጅ (ሐሙስ ማታ)
ሰላም የጅማ ልጆች እንዴት ናችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። አባቴ ሰባ ሶስት አመቱ ነው፣ ጉልበቱን መታመም ከጀመረ ሁለት አመት አለፈው፣ የፊታችን ማክሰኞ ጥቁር አንበሳ ቀጠሮ አለው። ሰኞ ሌሊት በባስ ተነስተን ከሰዓት አየር ጤና እንወርዳለን፣ ማታ ሜክሲኮ አካባቢ አክስቴ ቤት እናድራለን። እኔ ያሰብኩት ከአየር ጤና ኮንትራት ታክሲ ይዤ በሩ ድረስ ላደርሰው ነበር። እሱ ግን አሻፈረኝ አለ። በባቡር ነው የምሄደው፣ ለገሃር ነው የምወርደው አለኝ ቁርጥ አድርጎ።

ምክንያት አለው። አባ በልጅነቱ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፣ ንጉሱ ሳይወርዱ ነው ይሄ። ከጅማ ቡና ጭነው ለገሃር ያራግፉ ነበር። ቡናው ባቡር ተሳፍሮ ጅቡቲ ይሄዳል፣ እኔ ግን አንድ ቀን ተሳፍሬ አላውቅም ይላል ሁሌ። መኪናው እንደተራገፈ ባለቤቱ ወዲያው ተመለሱ ስለሚል። ይሄን ነገር ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ ግን እንደ ቁም ነገር ወስጄው አላውቅም ነበር፣ አሁን ቀጠሮው ሲመጣ ነው ከልቡ እንደሆነ የገባኝ። እና ጥያቄዬ፣ የአዲስ አበባውን ባቡር በደንብ የምታውቁ፣ ለገሃር ፌርማታ ደረጃው እንዴት ነው? ጉልበቱን ለሚያመው ሽማግሌ ይሆናል ወይ?

ሄርማታ77
ወንድሜ አላህ አባትህን ያሽርልህ። መንገዱ ቀላል ነው፣ ከአየር ጤና ጦር ኃይሎች በሚኒባስ፣ ከዛ ባቡሩ እዛው ጦር ኃይሎች ነው የሚጀምረው። መነሻው ስለሆነ መቀመጫ የማግኘት እድላችሁ ሰፊ ነው፣ ይሄ ለናንተ ትልቅ ነገር ነው። ቀጥሎ ኮካ፣ ልደታ፣ ተግባረ እድ፣ ሜክሲኮ፣ ለገሃር። አምስተኛው ላይ ውረዱ። ሜክሲኮ ነው የምታድሩት ካልክ ደግሞ አራተኛው ላይ መውረድ ትችላላችሁ።

ዘቢባ_ከቦቼ
እኔ ግን ልጄ ታክሲ ያዝለት ባይ ነኝ። እናቴን ባለፈው አመት ይዤ ሄጄ አይቻለሁ፣ የታመመ ሰው ከጅማ ሌሊት ተነስቶ ጊቤን ወርዶ ወጥቶ ወልቂጤን ሰበታን አልፎ ሲደርስ እኮ እግሩ አብጦ ነው የሚወርደው። 350 ኪሎ ሜትር ቀልድ አይደለም። እናቴ አየር ጤና ስትወርድ ጫማዋ አልገባ ብሏት በነጠላ ጫማ ነው የሄደችው። እዛ ላይ ደረጃ ስትጨምርበት በማግስቱ ሐኪም ፊት መራመድ ያቅተዋል። ምኞቱን አልጠላሁም፣ ግን ከህክምናው በኋላ አድርጉት።

የጅሬን_ልጅ
እትዬ ዘቢባ አመሰግናለሁ፣ ከህክምናው በኋላ የሚለውን አላሰብኩትም ነበር። ሄርማታ አንተም ተባረክ።

ሲቪል_አራተኛ_አመት
ደረጃውን በተመለከተ ልንገርህ። ከልደታ እስከ ስታዲየም ያለው ክፍል ሃዲዱ ድልድይ ላይ ነው፣ መሬት ላይ አይደለም። ስለዚ ለገሃርም ሜክሲኮም መውጣትና መውረድ አለ። ሊፍት ላይ ተማምነህ አትሂድ፣ ደረጃ እንደምትወጡ አስበህ ሂድ፣ ከሰራ ጥሩ ካልሰራም አትደነግጥም። ባቡሩ ላይ መግባቱ ግን አያስቸግርም፣ ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፣ ከፌርማታው ወለል ጋር ስለሚቀራረብ እንደ ባስ እግር አንስተህ አትወጣም። ለጉልበት ህመምተኛ ባቡሩ ከሚኒባስ በጣም ይሻላል፣ ሚኒባስ ላይ ጎንበስ ብሎ መግባት፣ ወንበሩ ማህል ተሽሎክሉኮ ማለፍ፣ ታጥፎ መቀመጥ፣ እሱ ነው ጉልበት የሚገድለው።

አንድ ዋና ነገር ደሞ። ከልደታ እስከ ስታዲየም 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ሁለቱ መስመሮች አንድ ሃዲድ ነው የሚጠቀሙት። አረንጓዴው ከጦር ኃይሎች አያት፣ ሰማያዊው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ። ልደታ፣ ተግባረ እድ፣ ሜክሲኮ፣ ለገሃር፣ ስታዲየም የሁለቱም ናቸው። ስትሄዱ ችግር የለም ምክንያቱም ጦር ኃይሎች የሚመጣው አረንጓዴው ብቻ ነው። ስትመለሱ ግን ለገሃር ቆማችሁ መጀመሪያ የመጣው ላይ እንዳትገቡ። ቀለሙን እዩ፣ ፊት ለፊቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ሰኮሩ_መንገደኛ
ይሄ ልክ ነው!! እኔ ደርሶብኛል። ከስታዲየም ተነስቼ አየር ጤና ልሄድ ባስ ሊያመልጠኝ ሆኖ እየተጣደፍኩ ሰማያዊው ላይ ገባሁ፣ እስከ ልደታ ድረስ ምንም አላወቅኩም ፌርማታዎቹ አንድ ስለሆኑ። ከልደታ በኋላ ኮካን ስጠብቅ ወደ ቀኝ ታጠፈ፣ ዳርማር አለ፣ አብነት አለ፣ ሰባተኛ አለ፣ አውቶብስ ተራ ስደርስ ነው አንዲት ልጅ የጠየቅኳት። ወርጄ ተመለስኩ ባሱ ሄዶ ነበር። በማግስቱ ነው ጅማ የገባሁት። አባትህን ይዘህ ይሄ እንዳይደርስብህ።

ኤንትሬ_ሾፌር_የነበረ
ልጄ ይሄን ሳነብ እምባዬ መጣ። አባትህ ማን እንደሆነ አላውቅም ግን አንድ መንገድ ላይ ነበርን ማለት ነው። እኔም በኤንትሬ፣ በድሮው የፊያት ጭነት መኪና፣ ከጅማ ቡና ጭኛለሁ። ያኔ መንገዱ አሁን እንዳለው አልነበረም፣ ክረምት ላይ ጊቤ በረሃን ስንወርድ ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላ እየሮጠ ነበር፣ ፍሬን እንቢ ካለ ጎማው ስር የሚወረውረው እሱ ነው። አባትህ ጉልበቱን የጨረሰው እዛ ይሆናል። ለገሃር ስንደርስ ጆንያው እየተመዘነ ይወርዳል፣ እኛ ሻይ እንጠጣለን፣ ረዳቶቹ ግን ሸራ ያጥፋሉ ገመድ ይጠቀልላሉ መኪና ያጥባሉ። ባቡሩ ሲጮህ ሁሉም ቀና ይላል። እኔም ተሳፍሬ አላውቅም። እባክህ ውሰደው።

ቄራ_ሰፈር_ጅማ
ጥያቄ አለኝ፣ የጅቡቲው ባቡር አሁንም ለገሃር ነው አይደል የሚነሳው? እንደዛ ከሆነ እስከ አዳማ እንኳን ቢወስደውስ?

ድሬ_ከጅማ
አይደለም። እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፣ አባቴም አያቴም ምድር ባቡር ናቸው፣ ጅማ ለስራ መጥቼ ነው የቀረሁት። የድሮው ባቡር ከለገሃር መነሳት ካቆመ ብዙ ጊዜው ነው። አዲሱ የጅቡቲ ባቡር መስከረም 25፣ 2009 ነው የተመረቀው፣ የሚነሳውም ከለቡ ከፉሪ በኩል ነው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ። ለገሃር ያለው የድሮው ህንጻ ነው፣ ከፊቱ ደሞ የከተማው ቀላል ባቡር በድልድይ ያልፋል።

ስሙ ራሱ ከዛ የመጣ ነው። ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን ላ ጋር ይሉት ነበር፣ ጣቢያ ማለት ነው፣ ህዝቡ ለገሃር አደረገው። ሃዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው በኛ አቆጣጠር፣ ህንጻው ግን ከዛ በኋላ ነው የተሰራው፣ በ1922 ነው የተመረቀው። ከጅቡቲ እስከዛ ድረስ ወደ 784 ኪሎ ሜትር። ቤታችን ውስጥ ለገሃር ሲባል እንደ ዘመድ ቤት ነበር፣ አያቴ ድሬዳዋ ሆኖ የለገሃርን ሰዓት ጠይቆ ነበር የእጅ ሰዓቱን የሚያስተካክለው።

ሄርማታ77
በ1917 ነው የሚል ነገር አንብቤ ነበር እኮ የገባው

ድሬ_ከጅማ
እሱ በፈረንጅ ነው፣ 1909 በኛ፣ አንድ ነው።

ሲቪል_አራተኛ_አመት
ድሬ ካነሳው ላይ ልጨምር። የድሮው ሃዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፣ የከተማው ቀላል ባቡርም አዲሱ የጅቡቲ ባቡርም 1.435 ሜትር ናቸው። ስለዚ የድሮውን ፉርጎ አምጥተህ አዲሱ ላይ ልታስኬደው አትችልም፣ ጎማው አይገጥምም። የከተማው ደሞ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ ነው፣ ከላይ ካለው ሽቦ 750 ቮልት ይወስዳል። አባትህ የሚያስታውሰው ድምጽና ጭስ አይኖርም፣ ቀድመህ ብትነግረው ጥሩ ነው እንዳይከፋው። የሰሜን ደቡቡ መስመር መስከረም 9፣ 2008 ነው ስራ የጀመረው፣ እናንተ የምትሄዱበት የምስራቅ ምዕራቡ በዛው አመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ። ሲጀመር ታሪፉ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ትኬት ሳትሳፈር ነው የምትቆርጠው፣ ስለዚ አባትህን ከደረጃው በፊት አንድ ቦታ አስቀምጠህ አንተ ቁረጥና ተመለስ፣ ሁለት ጊዜ እንዳይመላለስ።

ቄራ_ሰፈር_ጅማ
ለኛስ ለጅማ መቼ ነው ባቡር የሚመጣው

ሲቪል_አራተኛ_አመት
በእጃጂ በኩል ጅማ ደርሶ ወደ ደቡብ ሱዳን አቅጣጫ የሚቀጥል መስመር በሀገር አቀፉ የባቡር እቅድ ውስጥ ነበር። ሃዲድ ግን አልተዘረጋም። እኔ ይሄን ትምህርት የመረጥኩት በሱ ምክንያት ነው፣ ሃይስኩል እያለሁ ካርታው ላይ ጅማ የሚል ጽሁፍ አይቼ።

ዘቢባ_ከቦቼ
አላህ ያሳካልህ ልጄ።

የጅሬን_ልጅ (ዓርብ ጠዋት)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ኤንትሬ የጻፉትን ለአባ አነበብኩለት፣ ታኮ የሚለው ጋ ስደርስ አቁም አለኝ፣ ዝም ብሎ ቆየና እጁን አሳየኝ። የግራ እጁ ሁለት ጣት ጥፍር የለውም፣ ሁሌ አየዋለሁ ግን ምን ሆኖ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም ነበር። ታኮ ነው አለኝ።

እና እንዲህ ወስነናል። እትዬ ዘቢባ ባሉት መሰረት ሰኞ ከአየር ጤና በታክሲ ቀጥታ አክስቴ ቤት። ማክሰኞ ህክምና። ረቡዕ አርፎ፣ ሐሙስ ከሜክሲኮ ሳይሆን ወደ ጦር ኃይሎች ወስጄው ከመነሻው ተሳፍሮ ለገሃር ይወርዳል። ጥቁር አንበሳና ለገሃር ሩቅ ናቸው?

ሰኮሩ_መንገደኛ
ቅርብ ናቸው፣ አንድ ጎዳና ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። ቸርችል ጎዳና ከለገሃር ነው የሚጀምረው፣ ሽቅብ ስትወጣ ብሔራዊ ቲያትር በቅርብ አለ፣ ከዛ ከፍ ስትል ጥቁር አንበሳ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ጫፉ ላይ ማዘጋጃ ቤት። ግን ዳገት ስለሆነ በእግር እንዳትሞክሩት፣ ከለገሃር ወደ ፒያሳ የሚሄድ ታክሲ ያሳልፋችኋል።

ድሬ_ከጅማ
ለገሃር ስትወርዱ አንበሳውን አሳየው። ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ፣ ዘውድ የደፋው። ለአጼ ኃይለስላሴ ንግስ ጊዜ የቆመ ነው፣ በ1923። ጣሊያን ሲገባ ነቅሎ ሮም ወሰደው፣ ዘርዓይ ደረስ ሮም ላይ ሰይፍ የመዘዘው እሱ ፊት ነው። ኋላ ተመልሶ ቦታው ላይ ቆመ። አባትህ ቡና ሲያራግፍ ያየው ይሆናል። ብሔራዊ ቲያትር ጋ ያለው ሌላ አንበሳ ነው፣ ሰው ያምታታቸዋል።

ኤንትሬ_ሾፌር_የነበረ
አይቶታል እንጂ። እኛ እዛ አንበሳ ጋ ነበር የምንቀጣጠረው። መኪና የጠፋበት ረዳት አንበሳው ስር ይቆማል፣ ሾፌሩ መጥቶ ይወስደዋል።

የጅሬን_ልጅ (ከአስር ቀን በኋላ)
ሰላም ወገኖቼ፣ ትናንት ማታ ጅማ ገባን። ቃል ስለገባሁ ሁሉንም ልጻፍ።

ህክምናው ጥሩ ነው አልሃምዱሊላህ። ፎቶ ተነሳ፣ የሚዋጥ መድሃኒት ተሰጠው፣ ስፖርት ታዘዘለት፣ ከሶስት ወር በኋላ ቀጠሮ አለው።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጦር ኃይሎች ደረስን። የሰራተኛ ሰዓት ስለነበር ሰው ብዙ ነበር፣ ሁለት ባቡር አሳለፍን፣ ሶስተኛው ላይ መቀመጫ አገኘን። አባ ነጭ ጋቢውን ለብሷል፣ ከዘራውን ይዟል፣ ማታ አክስቴ ጫማውን ጠርጋለት ነበር። በሩ ሲከፈት አልገባም። ቆሞ ወለሉን አየ፣ ከዘራውን ወደ ውስጥ አስቀድሞ ጠቅ ጠቅ አደረገው፣ ከዛ ነው እግሩን ያስገባው። ሲቪል እንዳልከው ምንም መውጣት የለውም፣ ልክ ከክፍል ወደ ክፍል እንደመግባት ነው። መስኮት ጋ ተቀመጠ። ሲነሳ ናፍጣ አይሸትም አለኝ። ሽቦውን ነገርኩት፣ ቀና ብሎ ሊያየው ሞከረ ከውስጥ ግን አይታይም።

ኮካን አልፈን ልደታ ላይ ከፍ ስንል የወንበሩን ጫፍ ያዘ። ከዛ በኋላ ግን ፊቱ ተለወጠ፣ ከተማውን ከላይ እያየ ሰፈር መጥራት ጀመረ፣ ይሄ ተግባረ እድ ነው፣ ይሄ ሜክሲኮ ነው፣ እዚህ ጋ ድሮ ነዳጅ ቀድተን ነበር እያለ። አጠገባችን የቆመች ተማሪ አባባ አዲስ አበባ ነው የኖሩት አለችው፣ የለም ልጄ እኔ የጅማ ሰው ነኝ፣ እዚህ ቡና ነው የማራግፈው አላት። የማራግፈው ነው ያለው፣ አሁን እንደሚሰራ አድርጎ። እሷም አልተገረመችም፣ ጎበዝ አባባ አለችው።

ለገሃር ላይ ስንወርድ ባቡሩ ሄደ፣ ሰዉም ወረደ፣ እኛ ቀረን። ከዛ ላይ የድሮው ጣቢያ ይታያል። አባ የብረቱን መደገፊያ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። አስር ደቂቃ ይሆናል፣ ምንም አላለም። ሁለት ሶስት ባቡር መጥቶ ሄደ። ጥበቃው መጣና ምን ጠፋባችሁ ሲለን ነገርኩት፣ እሺ ይዩ ይዩ ብሎ ሄደ፣ እግዜር ይስጠው።

ደረጃው ረጅም ነው አልዋሽም። አንድ በአንድ ነው የወረድነው፣ ደህናውን እግር ለመውጣት፣ የታመመውን መጀመሪያ ለመውረድ ብለው ሐኪሙ ጋ አሳይተውት ነበር፣ እንደዛ አደረገ። መሀል ላይ ሁለቴ አረፍን። ይሄን ለሌላ ሰው የጻፍኩት ነው፣ ጉልበት የሚያመው ዘመድ ያላችሁ ሲወርድ የታመመው እግር ይቀድማል፣ ከዘራውም አብሮት።

ከዛ አንበሳው ጋ ሄድን። ፎቶ ላነሳው ስል አባ አንበሳውን ትቶ ወደ ጣቢያው ዞረ፣ በከዘራው ወደ አንድ ጎን እየጠቆመ ሚዛኑ እዚያ ነበር አለኝ። ኪሎ ጠሪው ከዛ ጋ፣ የኛ መኪና በዚህ በኩል በኋላ ማርሽ ይገባል፣ ፉርጎው ከወዲያ። አሁን ምንም የለም፣ አጥርና ግንባታ ነው። እሱ ግን መኪናውን እያየው ነበር መሰለኝ፣ እጁን እያወዛወዘ ና ና ና፣ በቃ፣ አለ። ረዳት ሆኖ ሾፌሩን ሲያስገባ እንደዛ ነበር ማለት ነው። ሰው ሁሉ እያለፈ አየው። እኔ አላስቆምኩትም።

ኤንትሬ_ሾፌር_የነበረ
ና ና ና በቃ። እውነት ነው ልጄ፣ እንደዛ ነው የምንባለው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስልክ ቁጥሬን በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ፣ አባትህን አገናኘኝ። እኔ አጂፕ አካባቢ ነኝ።

ዘቢባ_ከቦቼ
አልሃምዱሊላህ አልሃምዱሊላህ። ታክሲ ያዝ ያልኩህን ሰምተህ ባቡሩንም አላስቀረህበትም፣ አንጀቴን ነው ያራስከው። ስፖርቱን በየቀኑ እንዲሰራ አስታውሰው፣ እናቴ ትታው ነው የባሰባት።

ሲቪል_አራተኛ_አመት
ከክፍል ወደ ክፍል እንደመግባት ያልከውን ለአስተማሪያችን አነባለሁ በፈቃድህ። ስለ ወለል ከፍታ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ተምረናል፣ ሽማግሌ በከዘራው መጀመሪያ እንደሚነካው ግን የትም አልተጻፈም።

የጅሬን_ልጅ
አንብብለት ወንድሜ። ጋሼ ኤንትሬ ቁጥሩ ደርሶኛል፣ ለአባ ነገርኩት፣ እሁድ ከዙሁር በኋላ እናመጣዋለን ኢንሻአላህ።

ሌላ ጥያቄ አለኝ ደሞ። አባ ለሶስት ወሩ ቀጠሮ ስንሄድ ከጦር ኃይሎች እስከ አያት ድረስ እንሂድ ብሎኛል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ስንት ፌርማታ ነው?

ሄርማታ77
መነሻውንም መድረሻውንም ቆጥረህ 22። ርዝመቱ ወደ 17 ኪሎ ሜትር ነው። ከስታዲየም በኋላ ሰማያዊው ወደ ቃሊቲ ስለሚለይ አሁንም ቀለሙን አትርሳ።

የጅሬን_ልጅ
ሀያ ሁለት ነው አልኩት። በጣቱ ቆጠረና ታዲያ ምሳ የት እንበላለን አለኝ። መገናኛ ወርደን እንበላና እንቀጥላለን ብዬዋለሁ፣ መገናኛ ፌርማታ አጠገብ ደረጃ የሌለው ጥሩ ምግብ ቤት የምታውቁ ጻፉልኝ።